የሞቱት ሦስት ሶኬቶች

ባለፈው መስከረም የሳሎናችን ሶኬቶች ሥራ አቆሙ። አምፖሉ ይበራል፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች ግን ስልክም ቢሰካባቸው ቴሌቪዥንም ቢሰካባቸው ዝም አሉ። ምራቴ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገና ከቤቱ ሳይነሣ ጥፋተኛዋን አግኝታ ጨርሳለች፤ "ይቺ ናት፣ ስትወለውል ውሃ ረጭታበት ነው" ብላ ሠራተኛችንን በጣቷ ጠቆመች፣ ልጅቱም መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ፣ "መጀመሪያ ሽቦው ይፈለግ፤ ሰው የሚፈለገው ኋላ ነው" አልኩ። ምራቴ ትፈራኛለች፤ መፍራቷንም አልጠላውም። ሰውየው መጥቶ የአንዱን ሶኬት ክዳን ሲፈታው፣ ከቀዳዳው ውስጥ የእርጥብ ጭቃና የተለበለበ ላስቲክ ሽታ አንድ ላይ ወጣ፤ ቤታችን ከላይ ሲሚንቶ ይልበስ እንጂ ሆዱ ጭቃ ነው። ላልቶ የወጣ ሽቦ አገኘ፣ አጠበቀው፣ ነገሩ በዚህ አለቀ። ልጅቱም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንደቀረ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት እስቴ መካነ ኢየሱስ አክስቴ ቤት ከአንድ ግድግዳ ሥር ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ሲማዳ ካለችው መንደራችን አባቴ ከገብስ ጆንያ ጋር አህያ ላይ ጭኖ አክስቴ ቤት ያደረሰኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ገብሱ ለቀለቤ፣ እኔ ለፊደል። የአክስቴ ባል ግራዝማች ነበሩ፤ የሞተር ወፍጮ አቁመው አገሩን ሁሉ ከድንጋይ ወፍጮ ያሳረፉ፣ ለዚህም ሴቱ ሁሉ የሚመርቃቸው፣ እሳቸውም ምርቃቱን እንደ ግብር የሚጠብቁ ሰው። ከወፍጮው ሞተር ጎን ዲናሞ የሚሉትን ነገር አስተክለው፣ ከዚያ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሽቦ ስበው ቤታቸው መብራት አስገቡ። በአካባቢው ማንም ያላደረገውን ነበር ያደረጉት። አራት አምፖል ከጣሪያው፣ ሦስት ሶኬት ከእልፍኙ ግድግዳ። እኛ ልጆቹ ሶኬት የሚለውን ቃል ስለማናውቅ "የግድግዳ አፍንጫ" እንለው ነበር፤ ሁለት ቀዳዳ ስላለው። አንዱ አፍንጫ ለትልቁ ራዲዮ ነው፣ ሁለተኛው ለልብስ መተኮሻው፣ ሦስተኛው ለምንም አልነበረም፤ ግራዝማች ሦስት ይሁን ስላሉ ብቻ ሦስት ሆነ።

ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሞላ የሚባል ሰው ነበር፤ ሕዝቡ "ሞላ ሞተሩ" ይለዋል። ጎንደር ከተማ ከጣሊያን መካኒክ ጋር ሠርቶ የተማረ፣ ጣቶቹ ዘይት የጠጡ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ቀጭን ሰው። ሽቦውን መጀመሪያ በግድግዳው ላይ እያየነው ዘረጋው። አክስቴ ግን አልወደደችውም። "ግድግዳዬ ላይ እባብ አላሳድርም" አለች። ኅዳር ጽዮን ደርሶ ነበር፤ የማኅበሩ ጽዋ በዚያ ዓመት የአክስቴ ተራ ነውና፣ የአገሩ ሹምና ቄስ፣ እመቤትና ጨዋ ሁሉ እዚያ እልፍኝ ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ ሞላ ግድግዳውን በመጥረቢያ ጫፍ እየፈለፈለ ቦይ አወጣለት፣ ሽቦውንም ከቦዩ ውስጥ አስተኛው። ቦዩን የሚመርግና ግድግዳውን የሚለስን ሰው ደግሞ አንጓች ተጠሩ።

አንጓች ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እኔ ዛሬ አንቱ ብዬ እጽፋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ እሳቸውን አንቱ የሚል ሰው አልሰማሁም፤ ትናንት የተወለደ ልጅ ሳይቀር "አንቺ" ነበር የሚላቸው። ባላቸው ሞቶባቸው ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የአገሩ ሰው በሳቸው እንስራ ውሃ ይጠጣል፣ በሳቸው ድስት ወጥ ይሠራል፣ እሳቸውን ግን ከደጅ አያሳልፍም፣ ዓይናቸው ይበላል ይላል። ጠይብ ነው የሚላቸው፤ ከዚያም የባሰውን፣ ቡዳ የሚለውን ቃል፣ በሹክሹክታ ይጨምርበታል። ጭቃ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ግን ሹክሹክታው ይረሳል። ግድግዳችንን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው የዳሰሱት ሰው፣ ጠላ የተሰጣቸው ለሳቸው ብቻ በተለየ ቅል፣ ከደጅ ቆመው ነበር።

ልጃቸው ጥሩዬ የክፍሌ ልጅ ነበረች። አስተማሪያችን ከሩቅ አገር የመጣ፣ የአገሩን ወሬ የማይሰማ ወጣት ስለነበረ ተቀብሎ አስገባት፤ ከጎኗ የሚቀመጥ ሲጠፋ እኔን አስቀመጠኝ። እኔ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ማካፈል እያስተማረችኝ ነበር። እኛ በጣታችን ስንቆጥር እሷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ መልሱን ትናገራለች። ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው ሁልጊዜ እሷ ነበረች፣ ሁለተኛ እኔ፣ ወንዶቹም በዚህ እንደተናደዱ ዓመቱ ያልቃል። አንጓች የልጃቸውን የምስክር ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለው ከእህል ጎታ ውስጥ እንደሚያስቀምጡ ነግራኛለች። ሌላ ምንም አልነበራቸውም። ያቺ ልጅ አፈር ከመርገጥ ትድን ዘንድ ነበር ያ ሁሉ ልፋት።

የምርጊቱ ቀን እኔ ጭቃ ሳቀብል ጥሩዬ ጭቃውን በጭድና በውሃ ትረግጥ ነበር፤ አክስቴም ወጣ ገባ እያለች ታዛለች። አንጓች ቦዩን ደፍነው ሲጨርሱ፣ ሽቦው በተኛበት መስመር ላይ በአውራ ጣታቸው እርጥቡን ጭቃ በየክንዱ ጫን ጫን አደረጉት፤ ሸክላ ሠሪ ከእንስራው አንገት ሥር እንደሚያደርገው ምልክት። አክስቴ አይታ፣ "ምንድን ነው ግድግዳዬን የምትወጊው?" አለች።

"እመቤቴ፣ ገመዱ ከሥሩ ነው ያለ። ነጩ አፈር ሲለቀለቅበት አይታይምና ነው። ከዚህ እስከዚህ ምስማር እንዳትመቱ።"

"ድፈኚው፤ ለጽዮን እንግዳ ፈንጣጣ የወጣበት ግድግዳ አላሳይም።"

አንጓች ደፈኑት። ከዚያም ወደኔ ዘወር ብለው፣ ልክ ልጅ ነገር ያስታውሳል ብለው እንዳመኑ ሁሉ፣ "አደራሽን ልጄ፣ ከዚህ እስከዚህ" አሉ፣ በጭቃ እጃቸው አየር ላይ መስመር እየሠሩ። ነጩ አፈር በማግሥቱ ተለቀለቀና ግድግዳው እንደ ነጠላ ጸዳ።

የጽዮን ዋዜማ ለት ግራዝማች የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው ገቡ። መስተዋት ያለው፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተከፈፈ፣ በሽቦ የሚንጠለጠል ትልቅ ሥዕል። የንስሐ አባታቸው ባርከው፣ "እኔው በእጄ ልስቀላት" አሉ። ቄሱ የቆሙት፣ አንጓች በእጃቸው መስመር ከሠሩበት ቦታ ፊት ለፊት ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። አክስቴ ከአጠገባቸው የሥዕሏን መጋረጃ ይዛ ቆማ ነበር። ቄሱ አንድ ጣት የሚያህል ምስማር በመዶሻ ሦስት ጊዜ መቱት፤ አራተኛውን ሲመቱ ምስማሩ ድንገት ለስልሶ ገባ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ አክስቴ አየችኝ፤ ዘጋሁት። በቄስ ሥራ ጣልቃ የሚገባ የአሥር ዓመት ልጅ በዚያ ቤት አልነበረም። ሞተሩ በዚያ ሰዓት አይዞርም ነበርና ማንም ምንም አላወቀም።

በማግሥቱ በዓል ስለሆነ ወፍጮው አይፈጭም፤ ግራዝማች ግን ሞላን አዝዘው የወፍጮውን ቀበቶ አስፈትተው፣ ሞተሩ ለመብራቱ ብቻ እንዲዞር አደረጉ፤ እንግዳው ራዲዮ እንዲሰማ። ጽዋው ተጠጥቶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰው ሁሉ እስከ በሩ ድረስ ተደርድሮ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ አራቱም አምፖሎች በሩ። ሽማግሌዎቹ "ወይ ጉድ!" አሉ። ግራዝማች ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ የራዲዮውን ገመድ ከመጀመሪያው ሶኬት ሰኩ፣ ጆሮውን አዞሩ። ዝም። አንድ ጊዜ በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ዝም። ተሸክመው ወደ ሁለተኛው ሄዱ፣ ዝም፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ "ግራዝማች፣ ጾም ይዞ ይሆናል፣ ይማለዱት!" ብሎ ሰዉን አሳቀው። ለኩሩ ሰው ከዚያ ሳቅ የከፋ ቅጣት የለም።

ሞላ ተጠራ። ሁለት ሽቦ የተንጠለጠለበት ትንሽ አምፖል ነበረው፤ መፈተሻው እሱ ነው። መጀመሪያ ከበሩ ሥር ያለውን የፊውዝ ሣጥን ከፍቶ አየ፣ ደህና ነው፤ አምፖሉን ሲያስነካው በራ። ከመጀመሪያው ሶኬት አስነካው፣ ጨለማ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው፣ ጨለማ። እንደ ገበሬ ነበር ያስረዳው፦ "ጌታዬ፣ የአምፖሎቹ ቦይ ሌላ ነው፣ የነዚህ ሌላ። ሦስቱ ከአንድ ቦይ ነው የሚጠጡ። ከሣጥኑ ውሃው ይወጣል፣ የመጀመሪያው ማሳ ግን አይደርስም። እንግዲህ መሀል ላይ የሆነ ቦታ ተሰብሯል።" ይህን እየተናገረ ዓይኑ ከሣጥኑ ተነሥቶ፣ በነጩ ግድግዳ ላይ እየተጎተተ ሄዶ፣ ከሥዕሏ ላይ ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ።

እሱ አፉን ሳይከፍት አክስቴ ተነሣች። በሰው ፊት ቤቷ ማፈሩ አቃጥሏት፣ "እመቤቴ ሆይ አታሳፍሪኝ" ብላ፣ በባዶ እግሯ፣ በዚያን ለት ጠዋት በተለቀለቀው ወለል ላይ ቆማ፣ ሥዕሏን ልትስም ተጠጋች። ከንፈሯ የቆርቆሮውን ክፈፍ እንደነካ ጮኸች፤ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውራ በሽማግሌዎቹ ጭን ላይ ወደቀች። ሞላ "ሞተሩን አጥፉት!" እያለ እየሮጠ ወጣ። ማንም እሱን አልሰማውም። ሁሉም ሥዕሏን ነበር የሚያየው።

ከመካከል አንዲት ሴት፣ "እመቤታችን ተቆጣች" አለች። ሌላዋ፣ "ምን አይታ?" አለች። ሁሉም እንደ አንድ ሰው ወደ በሩ ዞሩ። በበሩ ላይ አንጓች ቆመው ነበር። የጽዋው ትራፊ ሊሰጣቸው ከደጅ ሲጠብቁ፣ ጩኸቱን ሰምተው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ያስገቡት በዚያች ቅጽበት ነበር።

አሁን ኤሌክትሪክን የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ምስማሩ ሽቦውን በጥሶ፣ የተበጠሰው ጫፍ ምስማሩን ነክቶት፣ ከምስማሩ ወደ ቆርቆሮው ይሄድ ነበር። ያን ለት ግን ይህን የሚያውቀው ሞላ ብቻ ነበር። ለግራዝማች በጆሯቸው ሲነግራቸው ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ "ሥዕሏን አውርጄ ምስማሩን ልንቀለው፣ ግድግዳውን አንድ ክንድ ልክፈተው፣ ያልኩት ካልሆነ አንገቴን ውሰዱ" አላቸው። ግራዝማች ወደ ቄሱ ተመለከቱ። ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የገዛ እጃቸው የመታው ምስማር ነበርና፣ "ስለ ገመድ ብለን እመቤታችንን ከዙፋኗ አናወርድም" አሉ። ሞላ መፈተሻውን ጠቅልሎ ወጣ። ልጆች ነበሩት፤ እንጀራቸው ደግሞ ከዚያ ሞተር ነበር የሚወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማች ግቢ ዝግባው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ሌባ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ እየተማማለ እንደሚያወጣጣው እንደ አውጫጭኝ ያለ ነበር፤ ልዩነቱ ያን ለት ሌባው አስቀድሞ ታውቋል። አንጓች ከመሀል ቆመዋል። ጥሩዬ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች። ይፈረድ የነበረው ቀላል ነገር አልነበረም፦ ጥፋቱ የሳቸው ዓይን ከተባለ ከከተማው ይወጣሉ፤ እሳቸው ከወጡ ጥሩዬም ከትምህርቷ ትወጣለች።

አንጓች አላለቀሱም። "እኔ ያደረግሁት ምርጊት ነው። ስጨርስ ‘ከዚህ እስከዚህ ምስማር አትምቱ፣ ገመዱ ከሥሩ ነው’ ብያለሁ። የቤቱ እመቤት ነበሩ። ልጄም ነበረች፤ የሷን ግን አትቀበሉኝ። ያቺ የእመቤቲቱ የወንድም ልጅ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ነበረች። እሷን ጠይቁ" አሉ።

አክስቴን ጠየቋት። ከንፈሯ ላይ የመለብለብ ቁስል ነበራት። "ወጣ ገባ እል ነበር፤ ጆሮዬ ከዚያ አልነበረም" አለች።

ከዚያ ዳኛው ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። "ነይ ልጄ። እግዜርን ፈርተሽ ተናገሪ። ይቺ ሴት እንዲህ ስትል ሰምተሻል?"

ዛሬም ድረስ ያ ሰዓት ሙሉውን ይታየኛል። የዝግባው ቅርፊት ሽታ፣ የሽማግሌው ጭራ፣ የቄሱ መስቀል። አክስቴ እያየችኝ ነበር፤ በዓይኗ ውስጥ የነበረውን ነገር ማስፈራራት ነው ብዬ ነበር የተረጐምኩት። የምበላው እንጀራ የሷ፣ የምለብሰው ቀሚስ የሷ፣ የምማርበት ደብተር የሷ። "ሰምቻለሁ" ብል ቄሱን በምስማራቸው፣ አክስቴን በሐሰቷ መክሰሴ ነው፤ በማግሥቱም ያው አህያ ተጭኖ ወደ ሲማዳ ይመልሰኛል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ልጅ አያስብም የሚል ሰው ልጅነቱን ረስቷል።

"አልሰማሁም" አልኩ።

ጥሩዬ ቀና ብላ አየችኝ። አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም፤ ልክ ስሕተት የሆነ መልስ ስሰጥ ክፍል ውስጥ እንደምታየኝ ነበር ያየችኝ። ሽማግሌው፣ "እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ አስቢ" ሲሉኝ፣ እናቷ እጃቸውን አነሡ። "ልጅ ናት፤ ተዉአት" አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ለራሳቸው አልተከራከሩም።

እስከ ቅዳሜ ከከተማው እንዲወጡ ተፈረደ። በዚያ ሳምንት የመካነ ኢየሱስ ሴቶች ከአንጓች የገዙትን ሸክላ እየፈሩ ከደጅ አውጥተው ሰበሩት። አክስቴም የውሃ እንስራችንን እንድጥለው ለኔ ሰጠችኝ፤ ከግቢው ጀርባ ወስጄ ድንጋይ ላይ ለቀቅሁት፣ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ፣ እንደ ደወል ጮኾ የተሰበረ እንስራ ነበር። ዓርብ ለት ጥሩዬ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ንብረታቸውን በጀርባቸው አዝለው በወንዙ ማዶ ዳገቱን ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በስንጥቅ ያይ ነበር። እኔም አየሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ፣ ሶኬቶቹ እንደሞቱ ቢቀሩ ኖሮ፣ ምናልባት አንድ ቀን አንድ ሰው "ሴትዮዋ ሄደች፤ ታዲያ ሶኬቶቹ ለምን አልነቁም?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሞላ ግን እጁ ያልተሠራ ነገር እያየ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ሰኞ ለት ግራዝማች ለጉዳይ ሲወጡ፣ ከፊውዝ ሣጥኑ አዲስ ሽቦ አውጥቶ፣ ሥዕሏን ሳይነካ፣ በጣሪያው ሥር ዞሮ ከመጀመሪያው ሶኬት ጋር አገናኘው፤ የድሮውንም ከሣጥኑ ላይ ቆርጦ ጣለው። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ራዲዮው ዘፈነ። አክስቴ የሥዕሏን ክፈፍ በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ምንም የለም። ዜናው በአንድ ሰዓት ከተማውን አዳረሰ፦ ጠይቧ ወጣች፣ መብራቱ ገባ፣ እመቤታችን ታረቀች። ቄሱ ምስጋና አደረሱ። ያ ምስኪን ሰው የሠራው እውነተኛ ጥገና፣ ለሐሰቱ ማኅተም ሆነለት። ሞላን ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሲሄድ አላየሁትም።

በዚያ ዓመት ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። አስተማሪው ስሜን ሲጠራ አንድም ልጅ አላጨበጨበም። አራተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቴን አስቁመው ወደ ጋይንት ዳሩኝ፤ እንግዲህ በዚያች "አልሰማሁም" የገዛሁት የሁለት ዓመት ፊደል ነበር።

ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ሳለሁ፣ አብዮቱ ገና ሳይመጣ፣ አንድ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ ባቄላ ይዤ ወረድኩ። ከሸክላው ተራ ሳልፍ አንዲት ሴት ከአንዲት ገዢ ጋር ስትከራከር ሰማሁ፤ የስድስት ድስትና የአራት እንስራ ሒሳብ በቃሏ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ። ቀረብ ብዬ "ጥሩዬ" አልኳት። ወዲያው ነበር ያወቀችኝ።

ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናቷን ጠየቅኳት። ከመካነ ኢየሱስ እንደወጡ የሚያስጠጋቸው አጥተው ወደ በሽሎ ቆላ ወርደው እንደነበረ፣ የደጋ ሰው ናቸውና በሁለተኛው ክረምት ወባ እንደገደላቸው፣ የምትነግረኝ ድስቶቿን እያስተካከለች ነበር። ያን ጊዜ በውስጤ ዓመታት የተቋጠረው ነገር ፈነዳ። "ሰምቼ ነበር ጥሩዬ" አልኳት፤ "እናትሽ ሲናገሩ ሰምቼ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች። "እኔም እኮ ከዚያው ነበርኩ።"

"ይቅር በዪኝ።"

ከድስቶቿ ቀና አላለችም። "ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ የማላውቀው ነገር የለኝ። ለማያውቁት ሂደሽ ንገሪ። የናቴ ስም እዚያ ነው የቀረ።" ከዚያ ወደ ገዢዋ ዞረች። "እትዬ፣ አንስተሽ አንኳኪው፣ ስንጥቅ የለው!"

ልክ ነበረች። በልክነቷ ፊት መቆም አልቻልኩም። በሳምንቱ ልጄን እንዳዘልኩ፣ ባሌን ለምኜም ተጣልቼም፣ ሁለት አዳር ተጉዤ እስቴ ወጣሁ። በመንገድ ሁሉ ማንን እንደምሰበስብ፣ ምን እንደምል ስደረድር ነበር የሄድኩት። ስደርስ ግራዝማች ሞተዋል፣ ቄሱም ሞተዋል፣ ሽማግሌውም ሞተዋል፤ ሞላ አገር ለቋል። የቀረችው አክስቴ ብቻ ነበረች፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሰላምታውንም ሳልጨርስ፣ ልጄንም ሳላወርድ ነገርኳት። "አክስቴ፣ ያን ለት በዝግባው ሥር ዋሽቻለሁ። አንጓች ሲናገሩ ሰምቻለሁ።"

ድንጋዩን ከምስሩ ለይታ ጣለች። "እኔም ሰምቻለሁ" አለች።

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ተቀመጥኩ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት እውነቱን ብቻዬን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር። "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ቄሱ ፊት? ባሌ ፊት? ብቻዬን?" አለች። ከዚያ እውነት እንደ ተበደለ ሰው አየችኝ፤ ድምፅዋ ቁጣ ሳይሆን ወቀሳ ነበረበት። "አንቺ ‘ሰምቻለሁ’ ብትዪ፣ እኔም ‘ልጅቱ አልዋሸችም’ ልል አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ያን ለት ሳይሽ የነበረ ለዚያ ነው። አንቺን ነበር የምጠብቅ።"

እኔ ያን ለት አሥር ዓመቴ ነበር። አክስቴ ባለቤት፣ ባለ ጽዋ፣ ባለ ስም ነበረች። ትልቁ ሰው ትንሹን ሲጠብቅ፣ ትንሹ ትልቁን ሲፈራ፣ በመሀል አንጓች ቆላ ወርደው ሞቱ፤ ከክፍላችን ሁሉ በላይ ታውቅ የነበረችው ልጃቸውም አፈር ስትረግጥ ቀረች።